በቤት ሁሉም ደህና ነው

ሴፕቴምበር 11

ሄደ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። መስኮቱ ጋ ቆሜ እጄን አላውለበለብኩም። በሩ እንደተዘጋ መጥረጊያ አንስቼ ወለሉን ጠረግኩ። በዚህ የወደብ ከተማ የመርከበኛ ሚስት ባሏ በወጣ ቀን ቤት እንደማትጠርግ ድመቷም ታውቃለች። ዱካውን ጠርጎ መመለሻ ማሳጣት ነው ይላሉ። እኔ ግን ጥጋጥጉን ሳይቀር ጠረግኩ።

አማቴ ሳቬሊ ኢግናቲች የክፍላቸው በር ላይ ቆመው አዩኝ። መጥረጊያውን ከእጄ ወስደው ቁም ሳጥኑ ጀርባ ከተቱት።

ሴፕቴምበር 12

ጠባችንን እንደነበረ ልጻፈው። ቀን ሲያልፍ ጥፋቱን ሁሉ እሱ ላይ መከመር እንዳይቀለኝ።

ግሌብ የሰርጓጅ መርከብ አድማጭ ነው። ባሕር ስር ማንም ምንም አያይም። እሱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ይሄ ዓሣ ነባሪ ነው፣ ይሄ በረዶ ሲሰነጠቅ ነው፣ ይሄ የባዕድ መርከብ ነው ይላቸዋል። በዚህ መኸር የብስ ላይ ሥራ ይሰጡኛል፣ ወደ አገርሽ ወደ ቮሎግዳ እንገባለን ብሎኝ ነበር። ሳህኖቹን በጋዜጣ መጠቅለል ጀምሬ ነበር። ኦገስት ሲያልቅ አንድ ቀን መጣና ኮፍያውን ሳያወልቅ «የሚተካኝ ሰው ገና ጆሮው አልበሰለም፤ አንድ ጉዞ ልጨምር ነው» አለኝ። አንድ ጉዞ ማለት ሦስት ወር ነው። ከሦስት ወር ይበልጣል እንጂ አያንስም።

«አዘዙህ?» አልኩት።

«የለም። እኔው ነኝ ያልኩት።»

«እንግዲያው ስትመለስ አታገኘኝም።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ይህንን ቃል ይዞ ወረደ። አሁን መልሼ ልውሰደው ብል በምን በኩል? እዚያ ስልክ የለ፣ ደብዳቤ የለ። መርከቧ ከላይ የሚላክላትን ትሰማለች እንጂ አትመልስም። ድምፅ ካሰማች ትገኛለች።

ግን ያልኩት እውነቴን ነው። ሻንጣዬን አውጥቼ ልብሴን ከትቼ አልጋው ስር አስቀምጫለሁ።

ሴፕቴምበር 20

ሥራ በዝቷል። የጦር ሰፈሩ ወጥ ቤት ሁለት ሰው ጎድሎበታል። ቀኑን ሙሉ ጎመን ስከትፍ ውዬ እጄ ጎመን ጎመን ይሸታል።

ቴሌቪዥን ላይ የወታደር ሰልፍ አሳዩ። አንድ ተንታኝ ዘንግ ይዞ ታንኩን፣ አውሮፕላኑን፣ ሚሳይሉን እየቆጠረ አገራችን ስንተኛ እንደሆነች ያስረዳል። አማቴ ሻይ እየጠጡ አዩትና «ይሄ ሰውዬ እንኳን ሚሳይል የሚስቱን ድስት ቆጥሮ አያውቅም» አሉ። ከዚያ ሳል ያዛቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሰርጓጅ መርከብ ላይ ኖረው ሳንባቸውን እዚያው ነው የተዉት።

ኦክቶበር 3

ብርድ። የግሌብን ሹራብ ለብሻለሁ፤ የኔ ስለታጠበ ነው።

ኦክቶበር 4

የኔ ደርቋል። የሱ ይሞቃል።

ኦክቶበር 19

ዘምፊራ ወለደች! ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ራሺድ እነ ግሌብ መርከብ ላይ መካኒክ ነው። ወንድ ልጅ፣ ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ። እሷ ገና ከአልጋ ስላልወረደች ወሬውን ወደ ባሕር የሚያስልክላት ሰው አስፈለገ። እኔ ሄድኩ። ደስ የሚል ነገር ከሆነ ይልኩታል፤ ልጅ መወለድ፣ ልደት፣ የማዕረግ ዕድገት። ክፉ ወሬ አይልኩም። ሰው ቢሞት፣ ቤት ቢቃጠል፣ ሚስት ብትሄድ መርከበኛው የሚሰማው ወደብ ሲደርስ ነው። እዚያ ታች አንድ የተረበሸ ሰው መቶ ሠላሳ ሰው ይጨርሳል ይላሉ።

የቤተሰብ ጉዳይ መኮንኑ ቅጹን ሰጠኝ። ቫዲም ይባላል፤ ዓይነ አፋር ነው፣ ከማኅተሙ ጋር ነው የሚያወራው። ቅጹ ላይ የመጀመሪያው መስመር አስቀድሞ ታትሞበታል፤ «በቤት ሁሉም ደህና ነው»። ከሱ በታች ለአንድ አጭር ቃል የሚሆን ባዶ ቦታ አለ።

«እኔስ መላክ እችላለሁ?» ብዬ ጠየቅኩት፤ አፌ ቀደመኝ።

«ምን ተገኘ? እርስዎም ወለዱ እንዴ?»

«የለም። እንዲያው... እጠብቅሃለሁ ለማለት ነው።»

ማኅተሙን አገላበጠው። «እሱም ደስ የሚል ነገር ነው» አለ። «ይዘው ይምጡ። አስፈርሜ እልከዋለሁ።»

ለዘምፊራ ስነግራት እየሳቀች ስፌቱ አመማት። «ላኪው አንቺ! የኔው ራሺድ ልጅ ወለድኩልህ ሲሉት እንኳ 'እሺ፣ በቃ' ነው የሚለው።»

ኦክቶበር 20

እራት ላይ ለአማቴ ነገርኳቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«አይሆንም።»

«አባባ፣ ሁለት ቃል ናት።»

«ሁለት ቃል ስትሆን ነው የምትከፋው። ረጅም ደብዳቤ ቢሆን ያነበዋል፣ ይጨርሰዋል። ሁለት ቃል ግን ጆሮ ውስጥ ትቀራለች። የሱ ጆሮ ደግሞ የሱ አይደለም፤ የመቶ ሠላሳ ሰው ነው።»

«ቀድሞም ሌላ ቃል ጆሮው ውስጥ ትቼበታለሁ።» ጠባችንን ግድግዳው አሳልፎ ነግሯቸዋል፤ አልደነቃቸውም።

ትምህርት እንደሚጀምር አስተማሪ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ጉልበት ምን ይመስልሻል ልጄ? አደባባይ ላይ የሚጎትቱት ያ ረጅም ቱቦ? እሱን ጠላት ለክቶታል፤ የሹፌሩን ስም ሳይቀር ያውቃል። የማያውቀው ያንቺ ባል የት እንዳለ ነው። የት እንዳለ ስለማያውቅ ሊነካን ሲያስብ እጁን ይሰበስባል። ደመወዝ ለሰባት ወር በቀረበት ዘመን የጎመን ሾርባ ጠጥተን ወርደናል። ጠላት ግን ጠግበን የወረድን ይመስለው ነበር። ለምን? ዝም ስላልን። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጊዜ አልተኮስኩም፣ አንድ ጊዜም አልተገኘሁም። የኔ ድል ይሄ ነው።»

«እኔም የት እንዳለ አላውቅም። እኔ ጠላት ነኝ?»

«አንቺማ ከጠላት ትብሻለሽ። ጠላት አይናፍቅም።»

ሳቅኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ተነሥተው በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው «እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ቤት ወረቀት ወደ ባሕር አይወርድም» አሉ።

ግትር ሽማግሌ። ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ኦክቶበር 28

ቅጹን አልሰጠሁም። በሳቸው ቤት፣ በሳቸው ፊት ቃላቸውን ልረግጥ አልቻልኩም። ሻንጣውን ደግሞ ከፍቼ ወፍራሙን ካልሲ አወጣሁ፤ በረዶ ጀምሯል። የመጥረጊያው ነገር ከነከነኝ። በሰበብ የማላምን ሰው ነኝ። ግን ወለሉን ከዚያን ቀን ጀምሮ በእርጥብ ጨርቅ ነው የማጸዳው።

ኖቬምበር 3

ከወጥ ቤት እንደገባሁ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

መርከብ መቼ እንደሚመለስ ለማንም አይነገርም፤ ለሚስትም፣ ለእናትም። ነገር ግን መርከብ ሲመለስ ወደቡ ላይ ለካፒቴኑ የተጠበሰ የአሳማ ግልገል በሳህን ይሰጠዋል። ከድሮ የመጣ ልማድ ነው። ግልገሏን የምጠብሳት ደግሞ እኔ ነኝ! ዛሬ ከግምጃ ቤት ወረቀት መጣ፤ «አንድ ግልገል፣ ለሐሙስ።»

ሃምሳ ሦስት ቀኑ ነው። ቸኩለዋል። ግን ቀድሞ መመለስ አለ፤ አንዳንዴ ማሽን ይበላሻል፣ አንዳንዴ ሰው ይታመማል። ባሕር ላይ ያለችው መርከብ የነሱ ብቻ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ።

የዚህ ወጥ ቤት ሕግ ሆድ ይፍጀው ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ለዘምፊራም አልነገርኳትም። ለአባባ ግን በጆሯቸው ሹክ አልኳቸው።

«አልሰማሁሽም» አሉኝ። ሾርባውን ግን ጨረሱት። ሾርባ ከጨረሱ ሰንብተዋል።

ኖቬምበር 5

የነሱ አይደለችም። ሌላ መርከብ ናት። ሁለት ነበሩ ባሕር ላይ።

ግልገሏን ለሰው ባል ጠበስኩ።

ኖቬምበር 6

የትናንቱን ልጨርሰው። ከወጥ ቤት ስመለስ አባባ አልጋቸው ላይ አልነበሩም። የድሮው የባሕር ኃይል ካፖርታቸው ከተሰቀለበት የለም። ሮጥኩ። ከወደቡ በላይ ያለችው ኮረብታ ላይ አገኘኋቸው። ግሌብ በሚመለስበት ቀን ሁሉ የሚቆሙት እዚያች ድንጋይ አጠገብ ነው፤ እሱም ከመርከቡ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ወደዚያ ነው። ከዜሮ በታች አሥራ አንድ ነበር፣ ነፋሱ ደግሞ ከባሕር ይገርፋል። ሦስት ሰዓት ቆመዋል። እጃቸው ኮፍያቸው ጫፍ ላይ ነበር፤ ሰላምታ እየሰጡ።

«አባባ፣ የኛ አይደለችም።»

«ገና ወሽመጡን ስትዞር አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተመለሱም?»

«እነዚህስ ሰው አይደሉም? አንድ ሰው ቆሞ ሊያያቸው ይገባል።»

ዝምታን የሚሰብኩ ሰው ናቸው። አትገምቺ፣ አትጠብቂ፣ ቀን አትቁጠሪ የሚሉኝ ሰው ናቸው። በአንዲት ሹክሹክታ ከሞቀ አልጋ አስነሥቼ ብርድ ላይ አቆምኳቸው። ምላሴን በቆረጠው።

ኖቬምበር 9

ትኩሳት። ሐኪሙ ሳንባቸውን አዳመጠና ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አጠፈ። ወደ ሆስፒታል አልሄድም ብለዋል።

ኖቬምበር 11

ዘምፊራ ሕፃኑን አቅፋ መጣች። አባባ ጣታቸውን አስጨበጡት። «ጠንካራ ነው፤ መካኒክ ይሆናል» አሉ። «አድማጭ አይሁን።»

መኮንኑን ቫዲምን መንገድ ላይ አግኝቼ ጠየቅኩት፤ የግሌብ አባት እንደታመሙ ማሳወቅ ይቻላል ወይ ብዬ። ማኅተሙ እጁ ላይ ስላልነበረ የሚያየው ጠፋበት። «ያውቃሉ እኮ» አለኝ፤ «ክፉ ወሬ ወደ ባሕር አይወርድም።»

ኖቬምበር 13

ዛሬ ዓይናቸው ንጹሕ ነበር። ትራሳቸውን ሳስተካክል እጄን ያዙኝ።

«ቅጹ አለሽ?»

«አለ።»

«እኔ ካለፍኩ በኋላ ላኪው። ይገባዋል።»

ይቅር ያሉኝ መሰለኝ። ስለዚያ ክፉ ቃል፣ ስለ መጥረጊያው፣ ስለ ሹክሹክታው። ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ውስጣቸው እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባ ነበር።

ኖቬምበር 14

ጠዋት አረፉ።

ኖቬምበር 16

ቀበርናቸው። መሬቱ ስለቀዘቀዘ በእሳት አሞቁት። ስድስት ሽማግሌ የባሕር ኃይል ሰዎች መጡ፤ አንዳቸውም ንግግር አላደረጉም።

ከመቃብር በቀጥታ ወደ መኮንኑ ቢሮ ሄድኩ። ጥቁር ሻሼን አላወለቅኩም። ቅጹን አወጣሁና በሰፊ ፊደል «እጠብቅሃለሁ። ሪማ» ብዬ ጻፍኩበት። ከላዩ የታተመውን መስመር አየሁት፤ «በቤት ሁሉም ደህና ነው»። ፊርማዬ ለሁለቱም ነው።

«ይህ መስመር ሊሰረዝ ይችላል?» አልኩ።

ቫዲም ሻሼን አየ፣ ከዚያ ወረቀቱን። «ከተሰረዘ አይሄድም» አለ። «የኔ እናት ስትሞት እኔም ባሕር ላይ ነበርኩ። አርባ ቀኗ ካለፈ በኋላ ነው የሰማሁት።» ማኅተሙን ወደ ጎን አደረገው። «ከፈለጉ መላኩን ይተዉት።»

ፈረምኩ። የሞተውን ሰው ደህና ነው ብዬ ፈረምኩ፤ እኔ ግሌብን ስለምናፍቅ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ናፍቆኛል። ስተኛ ከጀርባዬ እንደ ምድጃ መሞቁ ናፍቆኛል፣ ድስት ሳማስል ከወዲያ ክፍል «አቃጠልሽው» ማለቱ ናፍቆኛል። ከሽታ በፊት በድምፁ ነው የሚያውቀው። አታገኘኝም የሚለውን ቃል ይዞ አንድ ቀን እንኳ እንዳያድር ስል አባቱን ደበቅኩበት።

ኖቬምበር 29

ፀሐይዋ ከአድማስ ብቅ ብላ ተመለሰች። ከነገ ወዲያ ጭራሽ አትወጣም፤ እስከ ጃንዋሪ ድረስ።

የአባባን ክፍል አጸዳሁ። ከትራሳቸው ስር አሮጌ የትምህርት ቤት የካርታ መጽሐፍ አገኘሁ። የሰሜኑ ባሕር ገጽ ላይ በእርሳስ ትንንሽ ነጥቦች አሉ፤ ከሴፕቴምበር 11 ጀምሮ በየቀኑ አንድ። ነጥቦቹ ከበረዶው ስር ገብተው ይሄዳሉ። አንዳንዱ ተሰርዞ ሌላ ቦታ ተደርጓል። አትገምቺ የሚሉኝ ሰውዬ። መጨረሻው ነጥብ ኖቬምበር 12 ላይ ነው፤ እጃቸው ስለተንቀጠቀጠ መስመር ሆኗል።

እርሳሱን አነሣሁ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት።

ዲሴምበር 8

የምነግረውን እየተለማመድኩ ነው። «ግሌብ፣ ተቀመጥ።» ወደብ ላይ የት ይቀመጣል? «ግሌብ፣ አባባ...» ከዚህ አላልፍም። ሽንኩርት ስልጥ አፌ ብቻውን ስለሚንቀሳቀስ ሴቶቹ ሪማ አበደች ይላሉ።

ዋሽተሽ ጠራሽኝ ቢለኝስ? ቢለኝ እውነት አለው።

ዲሴምበር 14

ወረቀት መጣ። አንድ ግልገል፣ ለሐሙስ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የምነግራቸውም ሰው የለኝ።

ዲሴምበር 17

ተመለሰ።

በቀትር ጨለማ መርከቧ መብራቱ ውስጥ ገባች። ጥቁር፣ ጎኗ በበረዶ ተፍቆ። የጦር ሰፈሩ አዛዥ ሳህኑን ተቀብለውኝ ግልገሏን ለካፒቴኑ ሰጡ፤ ሙዚቃው ጮኸ። ዘምፊራ ሕፃኑን ከፍ አድርጋ ይዛለች። ራሺድ አየውና እውነትም «እሺ፣ በቃ» አለ፤ ከዚያ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ።

ግሌብ ከመጨረሻዎቹ ጋር ወጣ። ምድር ቤት እንደከረመ ድንች ነጥቷል። ወደ ኮረብታዋ ይመለከታል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተመለከተም። በቀጥታ ወደኔ መጣ፣ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። አፌን ከፈትኩ።

«አባባ መቼ ነው ያረፈው?» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«አንቺ።»

«እኔማ... እኔ ደህና ነው ብዬ ነው የላክሁት።»

ክንዴን ይዞ ከሕዝቡ አራቀኝ። «መጀመሪያ በወረድኩ ጊዜ፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ኮረብታዋ ላይ ይዞኝ ወጣ። 'እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ቤት ወረቀት ወደ ባሕር አይወርድም' አለኝ። 'ከወረደልህ፣ የተጻፈበት ምንም ይሁን ምን፣ የለሁም ማለት ነው። እነሱ ደስ የሚለውን ብቻ ነው የሚያሳልፉት። እኛ ግን እንግባባለን።'»

ላኪው። ይገባዋል። አሁን ነው የገባኝ። ይቅር ብለውኝ ይሁን አይሁን እንጃ፤ መርዶአቸውን ግን ያስያዙት እኔን ነው።

«ሠላሳ አንድ ቀን» አልኩ። «ሠላሳ አንድ ቀን ሙሉ እያወቅህ?»

«ካፒቴኑ ወረቀቱን ሲሰጠኝ 'እንኳን ደስ አለህ፣ ሚስትህ ትጠብቅሃለች' አለኝ። አመሰገንኩት። ቢያውቅ ኖሮ ከማዳመጫው ያነሣኝ ነበር፤ ያ የሚተካኝ ልጅ ደግሞ በረዶና መርከብ አይለይም። ስለዚህ ተቀምጬ አዳመጥኩ።» ድምፁ ተሰበረ። «ሪማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ዓይኔ መጀመሪያ የወደቀው 'እጠብቅሃለሁ' የሚለው ላይ ነው። አባቴ እንደሞተ ከመግባቱ በፊት ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ሠላሳ አንድ ቀን ይህንን የምነግረው ሰው አልነበረኝም።»

አቀፍኩት። የብረትና የዘይት ሽታ ነበረው። ሹራቡን ለብሼ እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

ዲሴምበር 18

ጠዋት መቃብሩ ጋ ሄድን። ስንመለስ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ መጥረጊያውን አየ።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

ነገርኩት። በወጣህ ቀን ዱካህን ጠርጌው ነበር፣ አባባ ከእጄ ወስደው ደበቁት አልኩት። አልተቆጣም። መጥረጊያውን ትንሽ ይዞት ቆየና ወደነበረበት መልሶ አስገባው።

«እሱ ያስቀመጠበት ይቀመጥ» አለ።

ከዚያ አልጋው ስር ጎንበስ ብሎ ሻንጣዬን ሳበው። አነሣው፤ ቀላል ነው፤ ከካልሲው በኋላ አንድ በአንድ አውጥቼ ጨርሼዋለሁ። ሳይከፍተው በአንድ እጁ ወዘወዘው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና መልሶ ገፋው።